ቀስ ብላ የምትናገር ሬዲዮ

ዛሬም ሬዲዮም ሆነ ቴሌቪዥን ልገዛ ሱቅ ስገባ ሻጮቹ ይስቁብኛል። ፊቱን አላይም። ገልብጬ ሆዱን አያለሁ፣ ምን እንደሚበላ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ቁልፎቹን በጣቴ እዳብሳለሁ። ባለፈው አንዱ ጎረምሳ ሻጭ፣ እማማ፣ ዶሮ መሰለዎት እንዴ አለኝ። ዶሮ ሳይሆን ላም ነው የምገዛው አልኩት። ግራ ገባው። ላስረዳው ትዕግሥት አልነበረኝም፤ ትዕግሥት ድሮም አልፈጠረብኝም። ለእሱ ያላስረዳሁትን እዚህ ላስረዳ።

ይህን አመል ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታላቅ እህት። በዕድሜዋ ሙሉ ከአንዲት የእጅ ባትሪ በቀር በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ዕቃ ኖሯት አያውቅም። ምስጋናዋ ግን እስከ ዛሬ አላለቀልኝም።

አባቴ ጃጁራ አጠገብ በነበረ የካቶሊክ ሚሲዮን ካቴኪስት፣ ማለትም የሃይማኖት አስተማሪ፣ ነበር። በዚያ ሰፈር እኔን ጨምሮ ግማሹ ሰው ፊደል የቆጠረው የእሱን ጣት እየተከተለ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሰው የሚያውቀው በጋዜጣው ነበር። ከሆሳዕና ከተማ በጭነት መኪና የሚመጣ፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ያለፈው ጋዜጣ እጁ ሲገባ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጃችን ካለው ዋንዛ ሥር ይቀመጣል። ሰው ይከበዋል። አማርኛውን በዓይኑ ያነባል፣ በአፉ ሀዲይኛ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዴ ወሬው መሐል ላይ ሆን ብሎ ያቆምና ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያኔ ሰዎቹ "ከዚያስ?" ይሉታል። አባቴ ይህችን "ከዚያስ" ከማር አስበልጦ ይወዳት ነበር። ዘመኑ የደርግ ዘመን ስለነበር ከጋዜጣው ላይ ስብሰባ አይጠፋም፤ እሱ ግን ስብሰባውንም ሠርግ አስመስሎ ነበር የሚያወራው።

ከዚያ ዓይኑ ደከመ። መጀመሪያ ጋዜጣውን አራቀው፣ ቀጥሎ አቀረበው፣ ቀጥሎ ይዞት ፀሐይ ላይ ወጣ። ሆሳዕና ወስደን ብናሳየው ሐኪሙ መዘግየታችንን ቀስ ብሎ ነገረን። ያም ሆኖ ጥቂት እሑዶች አላቋረጠም። ጋዜጣውን ዘርግቶ፣ የቆየ ዜና ከአእምሮው እያወጣ የሚያነብ ያስመስል ነበር። አንድ እሑድ ጋዜጣውን ዘቅዝቆ ያዘ። ፊደል ያስቆጠራቸው ሰዎች ሁሉ አዩት፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። "ከዚያስ?" ማለታቸውንም አልተዉም። እሱ ግን ድምፃቸው ውስጥ ያለውን ርኅራኄ ሰምቶ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ነገሩ ገባው። ጋዜጣውን አጥፎ ለአክስቴ ሰጣትና ቤት ገባ።

ከዚያ ወዲያ ዋንዛው ሥር አልወጣም። ሰው ሊጠይቀው ይመጣል፣ ዓይንህ እንዴት ነው ይለዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል፣ ሰውየው ይሄዳል። ያ ሁሉ ጨዋታ የነበረው ሰው ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ደገፍ ብሎ ዝም የሚል ሆነ። ምግቡ እያነሰ፣ እንቅልፉ እየበዛ ሄደ። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች አብራው የምትኖረው አክስቴ ነበረች። ልጠይቃቸው በመጣሁ ቁጥር ከሰውነቷ ቀነስ ብላ አገኛታለሁ።

"የታመመው ዓይኑ ነው፤ የሞተው ግን አፉ ነው" አለችኝ አንድ ቀን።

እኔ በዚያ ዓመት ሺንሺቾ የተመደብኩ አዲስ አስተማሪ ነበርኩ። ለአባቴ ሬዲዮ ልገዛለት ቆረጥኩ። ሐሳቤ ቅዱስ ነበር፤ ዓይኔ ግን እንደ ሐሳቤ አልነበረም። ሆሳዕና አንድ ሱቅ ውስጥ ልቤን የወሰደው ቴፕ ነበር። ባለ ሁለት ስፒከር፣ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ፣ ቁልፎቹ እንደ ጥርስ የተደረደሩ፣ ዘፈን ሲከፈትበት ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚዘልበት። ሆሳዕና በሄድኩ ቁጥር ጉዳይ ባይኖረኝም በዚያ ሱቅ በኩል አልፋለሁ። ሺንሺቾ አንድ ባልደረባዬ የዚያኑ ዓይነት ገዝቶ አስተማሪው ሁሉ እሱ ቤት ይሰበሰብ ስለነበር፣ እኔም ለአባቴ ይህንኑ እንደምገዛለት አስቀድሜ አውርቼ ጨርሻለሁ። ዓይኑ ለማያይ ሰው የሚዘል መብራት ምን እንደሚያደርግለት አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም።

ያጠራቀምኩት አልበቃም። አክስቴ ይህን ስትሰማ የቅቤ ተራዋን ሰጠችኝ። በእኛ አገር ሴቶች ቅቤያቸውን እየለኩ በየጊዜው ያዋጡና የተዋጣው ሁሉ በተራ ለአንዷ ይሰጣል። ተራ የደረሳት ሴት ቁም ነገር የሚሠራ ቅቤ ይዛ ገበያ ትወጣለች። አክስቴ ያችን ተራ ስንት ወር ጠብቃ ጊደር ልትገዛባት ነበር። ጊደሯ ትቆይ አለችና አንድ ነገር ብቻ አስገደደችኝ፤ ስገዛ አብራኝ ልትሆን።

ስለ አክስቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ላም መግዛት የወንድ ሥራ ነው ይባላል። የሰፈራችን ወንዶች ግን ላም ሊገዙ ሲሄዱ አክስቴን ጨው ልትገዛ የመጣች አስመስለው ያስከትሏት ነበር። ከኋላ ቆማ ራሷን ከነቀነቀች ይገዛሉ፤ ነጠላዋን ካስተካከለች ትተው ይሄዳሉ። ላሟን ከማየቷ በፊት የምትመረምረው ገዢውን ነው። ሣር አለህ ወይ? ውኃው ምን ያህል ይርቃል? የምታልባትስ ማን ናት? ገበያ ስትደርስም ቀንድና ቀለም አታይም። ቤት ወስዳ የምታልባት ሴት እዚያው ገበያ ላይ እጇን ሰዳ ካልሞከረቻት አይሆንም ትላለች። ላም የምትስማማው ከእጅ ጋር ነው፣ ከዓይን ጋር አይደለም ባይ ናት።

ወደ ሆሳዕና ከመሄዳችን በፊት እኔንም እንደ ላም ገዢ አስቀምጣ መረመረችኝ። ሬዲዮው የት ነው የሚያድረው? የሚከፍተው ማን ነው? እሷ ቅቤ ገበያ ስትሄድ አባቴ ብቻውን ይከፍተዋል? ድንጋዩ ሲያልቅ ከየት ይመጣል? መልስ ሳይኖረኝ ሲቀር ደግሞ እቆጣለሁ። ሬዲዮ ሬዲዮ ነው፣ ሣር አይበላም ብዬ ተነሣሁ።

በገበያ ቀን ቅቤውን ሸጠን ሱቁ ገባን። ባለሱቁ ከሰሜን መጥተው ሆሳዕና የከረሙ፣ ጠና ያሉ ነጋዴ ነበሩ። ቴፑን አሳየኋቸው፤ አወረዱልኝ። ካሴት ከተው ሲያጫውቱት መብራቱ ዘለለ፣ ልቤም አብሮት ዘለለ። አክስቴ ይገልብጡት አለች። አማርኛ ትሰማለች፣ መናገር ግን ያሳፍራታል፤ ስለዚህ እሷ በሀዲይኛ ትናገራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ።

ምን ይበላል አለች። ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ አሉ ባለሱቁ። ስንት ቀን ያቆየዋል? ዘፈን ከበዛበት ሳምንትም ላያደርስ ይችላል፣ ከተማ ከሆነ ግን በመብራት ይሠራል አሉ። እኛ ሰፈር መብራት የለም። ድንጋይ ማግኘት ደግሞ በዚያን ጊዜ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፤ ቀበሌ ሱቅ መጣ ሲባል ሰልፍ ነው፣ ሳይደርስሽ ያልቃል። አክስቴ ሣር በሌለበት ቤት እንዲህ ያለ በላተኛ የሚያስገባ ሰው አእምሮው ልክ አይደለም አለች። እኔ ለባለሱቁ፣ ጠንካራ ይመስላል ትላለች አልኳቸው።

ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ዓይኗን ሸፍና እጇን ቁልፎቹ ላይ ዘረጋች። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ልሙጥ። አንዱን ስትጫን የካሴቱ ክዳን ብድግ አለ። ሌላውን ስትጫን ቴፑ ጮኸና ወደ ኋላ አፈገፈገች። ገበያተኛው በሩ ላይ ተሰብስቦ ያያል። እኔን እፍረት ገደለኝ። እሷ ከነጠላዋ ሥር ሆና፣ ይህ ቀንዱ ያማረ ወይፈን ነው፣ የሚታለብ ነገር የለውም አለች። መልኩን ወደደችው ብዬ ተረጎምኩ።

ባለሱቁ መሳቅ ጀመሩ። ከዚያ ጥርት ባለ ሀዲይኛ፣ ለእኔ ሳይሆን ለአክስቴ፣ ወይፈን ካልፈለጉ ላምም አለኝ እናቴ አሏት። ያን ሁሉ ዓመት ገበያ ውስጥ የኖሩ ነጋዴ ቋንቋውን አያውቁም ብሎ የሚያስብ እንደ እኔ ያለ አስተማሪ ብቻ ነው። የተረጎምኩትን ሁሉ ሰምተዋል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከጀርባ መደርደሪያ አቧራ የጠገበች ትንሽ ሬዲዮ አወጡ። ጥቁር፣ የቆዳ ልባስ ያላት፣ ካሴት የማታጫውት መልከ ጥፉ። ሞዴሏ ስላረጀ የሚጠይቃት የለም አሉ። የዚህችው ዓይነት ግን እሳቸው ቤት ስንት ዓመት አገልግላለች፤ ብትታመምም እዚሁ ሆሳዕና የሚጠግኗት አይጠፋም። የምትበላው ሁለት ድንጋይ ነው። በአንድ ጎኗ ትልቅ መዞሪያ፣ በሌላው ጎኗ ትንሽ መዞሪያ አላት፤ ሌላ ነገር የላትም። አክስቴ እንደገና ተሸፍና ዳሰሰቻት። ትንሹን ስታዞረው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ትልቁን ስታዞረው ድምፅ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ደጅ አውጥታ ገበያው ጫጫታ መሐል ጆሮዋ ላይ ለጠፈቻት። ተመልሳ ስትገባ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ በዚያ ቀን በገዛ አማርኛዋ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው።

"ቀስ ብላ መናገር ትችላለች?"

ባለሱቁ ወደ በሩ አዩ። እኔም አየሁ። ከውጭ አገር በአማርኛ የሚያወሩ ጣቢያዎች ነበሩ፣ ጋቢ ተከናንቦ የሚሰማቸውም ሰው ነበር፣ ጎረቤት ከሰማ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው። ባለሱቁ ድምፁን እስከ መጨረሻ ዝቅ አደረጉና ሬዲዮዋን ወደ አክስቴ ጆሮ አስጠጉ። አንድ ክንድ ርቄ የቆምኩት እኔ ምንም አልሰማሁም። እሷ ሰማች። ራሷን ነቀነቀች።

ካልተስማማችው እመልሳታለሁ፣ ዋሷ ማን ነው አለች ቀጥላ፤ የላም ገበያ ወግ ነው። ባለሱቁ ዋሷ እኔ ነኝ አሉ። ትልቁን ሸጠው የተሻለ ማትረፍ የሚችሉ ሰው እንደነበሩ ያኔ አልታየኝም። ለእኔ የታየኝ ወደ መደርደሪያው የተመለሰው ቴፕ ነው።

መንገዱን ሙሉ አኮረፍኩ። ሺንሺቾ ስመለስ ምን ብዬ እንደማወራ አሰብኩ። በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ በዕድሜሽ አንድ እንዲህ ያለ ዕቃ ገዝተሽ አታውቂም አልኳት። ላም ገዝቼ አውቃለሁ አለችና ሬዲዮዋን ጉያዋ ውስጥ አስገባቻት። በተረፈው ገንዘብ መጠባበቂያ ድንጋይና ለአባቴ አዲስ ጋቢ ገዝታ ነበር።

ቤት ስንደርስ አባቴ እንደ ወትሮው ግድግዳውን ደገፍ ብሎ ተቀምጧል። አክስቴ ከደጅ እርጥብ ሣር ነጭታ ሬዲዮዋ ላይ አድርጋ ጭኑ ላይ አኖረችለት። መጀመሪያ የነካው ሣሩን ነው። ላም ገዛችሁ እንዴ ብሎ ፈገግ አለ። ጥርሱን ካየሁ ቆይቼ ነበር። ጣቶቹ ልባሱን፣ ማንገቻውን፣ ከዚያ ትንሹን መዞሪያ አገኙ። ቀጭ። ማንም አላሳየውም። በማግስቱ ዜና የሚመጣበትን ቦታ ራሱ ፈልጎ አገኘ። አክስቴም ቦታው እንዳይጠፋበት ትልቁ መዞሪያ ጠርዝ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ሰም ለጠፈችለት።

ሬዲዮዋን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚሰማው። እኔ ይህም አናደደኝ። እኛም እንስማው፣ ከፍ አድርገው አልኩት። አክስቴ ክንዴን ያዝ አደረገችና ተዪው አለችኝ። ከፊቱ ተቀምጬ ፊቱን ብቻ አየሁ። ቅንድቡ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የሰማውን በልቡ ወደ ሀዲይኛ እየገለበጠ እንደነበር ያኔ አላወቅሁም።

በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ በርጩማዬን ዋንዛው ሥር አውጡልኝ አለ። ሬዲዮዋን አልያዘም፤ አልጋው ላይ ትቷት ወጣ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን እንደ ልማዱ ስለ ዓይኑ ሊጠይቀው መጣ። አባቴ ሳያስጨርሰው ወሬ ጀመረለት። ሌላ ሰው መጥቶ ቆመ። ሴቶቹም ቆሙ። ወሬው ስለ አንድ ሩቅ አገር መርከብ ነበር። ባሕር አይቶ የማያውቀው አባቴ ማዕበሉን ነፋስ የመታው የእንሰት ማሳ አስመስሎ በሁለት እጁ እያሳየ መርከቧን መሐል አደረሳትና ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ከዚያስ?" አለው ሽማግሌው።

እንሰቱ መሐል ገብቼ አለቀስኩ። ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ሬዲዮዋ ከዚያ በኋላ እሱን አበላች እንጂ ድንጋይ አልበላችም ብዬ እቀልድ ነበር። እውነትም በሁለት ድንጋይ ብዙ ትቆይ ነበር። ሲደክሙ አክስቴ ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች፣ ነፍስ ይዘሩና ደግሞ ለጥቂት ቀን ያገለግላሉ። አባቴ ከውጭ አገር ጣቢያዎቹ የሚሰማውን ዋንዛው ሥር አያወራም፤ እሱን ለአክስቴ ብቻ ነው የሚነግራት። እሷ ደግሞ ከጉድጓድ የባሰች ምስጢረኛ ናት። ምግቡን መብላት ጀመረ። ከሰው ጋር መከራከር ጀመረ። እኔን እንደገና በፊደል ስህተት ይቆጣኝ ጀመር፣ ደብዳቤዬን የሚያነቡለትን ሰዎች ፊደል በፊደል እያስነበበ።

ሺንሺቾ የባልደረባዬን ቴፕ እንደገና ያየሁት በዚያው ክረምት ነው። ድንጋይ ከጠፋበት ቆይቷል። ዳንቴል ለብሶ፣ በላዩ የፎቶ ፍሬም ተሸክሞ ተቀምጧል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ ግን አልቆየም፤ ለጥቂት ነው እንጂ ያ ዳንቴል በእኔው እጅ ይሠራ ነበር። ሆሳዕና ባለፍኩ ቁጥር ባለሱቁን ሰላም ሳልል አልሄድም። ዋስ ናቸውና ላሟ እንዴት ናት ይሉኛል። ታለበች እላቸዋለሁ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ለመስቀል ቤት ገባሁ። በእኛ አገር መስቀል ሲሆን የትም ያለ ሰው ቤቱ ይገባል። ከአክስቴ ጋር ጓሮ ተቀምጠን ለበዓሉ ቆጮ እየከተፍን ነበር። በዓል ሆዴን ያባባዋል መሰለኝ፣ በዚያ ጉዞ ላይ ስላኮረፍኩባት ይቅርታ ጠየቅኋት፣ አመሰገንኳትም። በተለይ ቀስ ብላ ትናገራለች ወይ ብለሽ መጠየቅሽ ከስንት የቀበሌ ጣጣ አዳነን አልኳት። ቢላዋዋን አቆመችና አየችኝ።

"የምን ቀበሌ?" አለች። "ትልቁን ብንገዛው ሰፈሩ ሁሉ እቤታችን ይሞላ ነበር። ሬዲዮውን ሊሰማ። ወንድሜም ጥጉ ላይ ተቀምጦ አብሯቸው ይሰማል። እሱን ማን ይሰማው ነበር?"

በዚህኛው ጥያቄዋ ግን አልተቆጣሁም። እኔ ያን ቀን የሄድኩት ለአባቴ የሚሰማው ነገር ልገዛለት ነበር። እሷ የገዛችለት የሚያወራው ነገር ነው። ይህንንም ገና ከቤት ሳንወጣ፣ ገና ስለ ድንጋዩ ስትጠይቀኝ ታውቀው ነበር። ቆጮ የነካ እጇን ስቤ ሳምኩት። ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ ብላ ነጠቀችኝ።

ከደጅ፣ ከዋንዛው ሥር፣ አባቴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ። አክስቴ ቢላዋዋን እንደያዘች ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ወደ ሥራዋ የተመለሰችው "ከዚያስ?" ሲሉት ነው።